ያጠባችኝን ሰላም ይበሉልኝ

መልበርን፣ ጥቅምት 9 ቀን 2016 ዓ.ም.

በአላህ ስም፣ እጅግ በጣም ሩኅሩኅ፣ እጅግ በጣም አዛኝ በሆነው።

ለምወድዎትና ለማከብርዎት ለአባቴ እህት፣ ለአዳዳ ዑሙልኸይር። አሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ። ጤናዎ እንዴት ነው? ጉልበትዎስ? እኔ፣ ባለቤቴ ኩብራና ልጃችን ሳብሪና አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። የጎደለን የእርስዎ ዓይን ብቻ ነው።

ጆሮዎ እምቢ ብሎ በስልክ መነጋገር ካቃተን ወዲህ ኩብራ «በስልኳ ላይ ጻፍላት» ትለኛለች። እርስዎ ግን «በዚያች መስታወት ላይ ካነበብኩ ዓይኔም ጆሮዬን ይከተላል» ስላሉኝ፣ ይኸው እንደ ጥንቱ በወረቀት ጻፍኩ። የሂርናው ሐሰን ቤተሰቡን ሊጠይቅ ስለሚመጣ በእሱ እጅ ልኬዋለሁ።

አሁንም ትራም የሚሉትን፣ በመንገድ መሐል የሚሄደውን ባቡር እነዳለሁ። አዳዳ፣ ከተማን እንደ ነጂው የሚያውቀው የለም። መስመሬ የሚነሣው ስደተኛ ከሚበዛበት ሰፈር ነው። እዚያ ሶማሌው፣ ቬትናሙ፣ ሱዳኑ ሲሳፈር ሰላም ይለኛል፤ አንዳንዱ በማይገባኝ ቋንቋ። መሐል ከተማ ስንደርስ ሁሉም ጆሮው ላይ የሚሰካውን ሰክቶ ዝም ይላል። መጨረሻው ላይ ዛፍ የበዛበት የባለጸጎች ሰፈር አለ። በየአጥሩ «ስደተኞች እንኳን ደህና መጣችሁ» የሚል ተለጥፏል። ጥቁር ልጆች ሰብሰብ ብለው ሲሳፈሩ ግን ሴቶቹ ቦርሳቸውን ወደ ጉያቸው ሳብ ያደርጋሉ። እነዚያው ሴቶች ቅዳሜ ቅዳሜ እንጀራ ሊበሉ ወደዚያኛው ሰፈር ይመጣሉ።

እኛም ያንን ሰፈር ለቀናል። የሐረርጌ ሰው ተጠራርቶ ከከተማው ዳር ቤት ስለገዛ ኩብራ «ልጄ ወገኗን ሳታውቅ አረጀሁ» ብላ ያዘችኝ። አሁን በግራ የበደሳ ሰው፣ በቀኝ የገለምሶ ሰው ነው ጎረቤታችን። ጠዋት ቆሻሻ ሳወጣ እንኳን በኦሮምኛ ነው የምንጠያየቀው። ደስ ይላል። ወደ ሥራ ስሄድ ግን በአሮጌው ሰፈር በኩል እዞራለሁ፤ መንገዱ ባይቀርብም።

አዳዳ፣ አንድ ነገር ልለምንዎ። ሳብሪና ትምህርቷን ጨርሳለች። ያገር ልጅ የማር እጅ ነውና፣ ከጭሮም ይሁን ከበደሳ ወይም ከሂርና፣ ከሚያውቁት ጨዋ ቤት ባል ይፈልጉላት። ምክንያቱን ሌላ ጊዜ እጽፋለሁ።

ያጠባችኝን ዓይናዲስን ሰላም ይበሉልኝ። እናቴ በወለደችኝ ሳምንት ባትታመም ኖሮ የእሷን ደረት አላውቀውም ነበር። ያቺን ሴት ሳላያት እንዳልሞት ዱዓ ያድርጉልኝ።

የወንድምዎ ልጅ መህዲ


ጭሮ፣ ታኅሣሥ 20 ቀን 2016 ዓ.ም.

ወዐለይኩም ሰላም ወራሕመቱላህ። ለልጄ ለመህዲ፣ ለኩብራ፣ ለሳብሪናዬ። አላህ ከዓይን ይጠብቃችሁ። የምትነዳውንም ባቡር ከሐዲዱ አያውጣው።

ደብዳቤህን ሐሰን ካደረሰልኝ ቆየ። መልሱ ለምን ዘገየ አትበለኝ። ዘንድሮ እዚህ ማሽላው ጥሩ ይዟል። የሚኤሶ ሰዎች ግን ሰማዩ ጨክኖባቸው ከብቶቻቸውን ወደ እኛ ዳገት እየነዱ ይወጣሉ።

ባል ፈልጊ ባልከኝ መሠረት በደሳ ድረስ ሄጃለሁ። ቡና ካላቸው ሰዎች ቤት አንድ ልጅ አሳዩኝ። ጨዋ ነው፣ ቁመናም አለው። ስለማልሰማ ጥያቄውን ሁሉ በወረቀት እየጻፈ አቀረበልኝ። ስለ ቪዛው ወረቀቱን ገልብጦ በጀርባው ሁሉ ጠየቀኝ፤ ስለ ሳብሪና አንድ መስመር አልጻፈም። «አላህ የተሻለ ይስጥህ» ብዬው ተመለስኩ። ለመሆኑ ልጅቷን ጠይቀሃታል?

ስለ ሰፈር ጻፍክልኝ፤ እኔም ልጻፍልህ። አሮጌው መናኸሪያ ሰፈራችን እንደተውከው አይደለም። አውቶቡሱ ወደ ታች ከተዛወረ ወዲህ ትንፋሹ ቀንሷል። ድሮ አስተማሪው ከጎጃም፣ ፖሊሱ ከመንዝ፣ ቸርቻሪው ከጉራጌ፣ ሾፌሩ ከድሬዳዋ መጥቶ እዚያ ነበር የሚያርፈው። አባትህ ነፍሱን ይማረውና «እኛ አገር አንዞርም፤ አገር ነው በእኛ በኩል የሚዞረው» ይል ነበር። አሁን ከላይ ከዳገቱ አዲሱ ሳይት የሚባል ሰፈር ተሠርቷል። ቦታ የሚገኘው በማኅበር ነው፤ ማኅበሩ የሚቋቋመው በዘመድ ነው። የእኛ ሰዎች ከመንገዱ በላይ፣ ከሌላ አገር የመጡት ሠራተኞች ከመንገዱ በታች ሠሩ። ሁለቱንም ጠይቄያቸዋለሁ። መልሳቸው አንድ ነው፦ «ማንንም አንጠላም፤ ከራሳችን ጋር ስንሆን ግን ይቀለናል።»

ይኸው ቅለት ወደ እኛም ወረደ። ጫት ነጋዴው መስዑድ፣ ከእኔ ቤት ቀጥሎ ያለው፣ እሱም ሳይቱ ላይ ቤት እየሠራ ነው፤ እድራችን በሃይማኖት ይለያይ ብሎ ስብሰባ ጠራ። አስተማሪው ደጀን አጠገቤ ተቀምጦ የሚባለውን እየጻፈ ያሳየኛል።

«ሬሳ ስንሸኝ እነሱ ከመስጊድ በር ይቀራሉ። እነሱ ሲሸኙ እኛ ከቤተ ክርስቲያን በር እንቀራለን» አለ መስዑድ። «ታዲያ አንድ የሆንነው የት ላይ ነው?»

«በሩ ላይ» አልኩት።

ሳቁ። ከሳቁ በኋላ ግን እጃቸውን አውጥተው ለያዩት። ድንኳኑ ለእኛ፣ ወንበሩ ለእነሱ ደረሰ። ደጀን እስከ መጨረሻው ጻፈልኝና እስክሪብቶውን ኪሱ ከቶ ወጣ። አሁን ዝውውር ጠይቋል አሉ።

ደጀን ሰላም ብሎሃል። መስዑድም ሰላም ብሎሃል፤ ክፉ ሰው አይደለም። ከእነ ቤተሰብህ በጀነት ጥላ ሥር ያኑርህ።

አዳዳህ ዑሙልኸይር


መልበርን፣ የካቲት 14 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለማከብርዎት አዳዳ ዑሙልኸይር። የአላህ ሰላም በእርስዎና በደጅዎ ላይ ይሁን።

ደብዳቤዎን ትራሙ መጨረሻው ፌርማታ ላይ ሲቆም፣ የምዞርበትን ደቂቃ እየጠበቅሁ አነበብኩት። ቤት ገብቼም ደገምኩት። መስዑድ አለ፣ ደጀን አለ፣ የሚኤሶ ከብት እንኳን አለ። ዓይናዲስ የለችም። እርስዎ ልጅ ሲያስተምሩ የኖሩ ሰው ነዎት፤ ቃል አይዘሉም። ሞታ ከሆነ ይንገሩኝ። ከሰው አፍ ከምሰማው ከእርስዎ እጅ ልየው።

እኔም የደበቅሁዎትን ልናገር። ሳብሪና ሰው አላት። ሚርዛ ይባላል፤ በሕፃንነቱ ከእናቱ ጋር ከቦስኒያ የመጣ ነው፤ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው። ሙስሊም ነው፣ ይሰግዳል፤ ይህን አልክድም። ግን ነጭ ነው አዳዳ። ቋንቋው ሌላ፣ ሙሾው ሌላ፣ የሠርግ ዘፈኑ ሌላ። ኩብራ «የልጅ ልጆቼ ምን ብለው ይጠሩኛል?» እያለች ታለቅሳለች። የአዲሱ ሰፈራችን ሰዎች ሰምተው ሊጠይቁን መጡ። ለቅሶ የመጡ ይመስል ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነበር የሚያወሩት።

ከዓለም ሕዝብ ጋር ቀኑን ሙሉ እውላለሁ፤ እወደዋለሁም። ቤቴ ሲገባ ግን ሆዴ እምቢ አለኝ። ለምን እንደሆነ ለልጄ ማስረዳት አቃተኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ ፊደል ስላስተማርኳት የእርስዎን ጽሕፈት ታነባለች፤ ቃልዎንም ታከብራለች። እባክዎ ይጻፉላት። ተዪ ይበሏት።

መህዲ


ጭሮ፣ ግንቦት 26 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለመህዲ ልጄ። አላህ ልብህን ያስፋልህ፣ የራቀውን ያቅርብልህ።

ዓይናዲስ አልሞተችም። አትደንግጥ። እዚህ ግን የለችም። የመጀመሪያ ደብዳቤህ ሲደርሰኝ ገና መሄዷ ነበር። «ያጠባችኝን ሰላም ይበሉልኝ» የሚለው ላይ ስደርስ ወረቀቱን አጥፌ አስቀመጥኩት። ስመልስልህም ስሟን ለመጻፍ ብዕሬን አንሥቼ ነበር፤ ስለ ማሽላው ጻፍኩልህ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ያኔ እዚህም እዚያም ወሬ ይነፍስ ነበር፤ እገሌ ሰፈር እንዲህ ሆነ፣ እገሌ ከተማ እንዲህ ተባለ። ግማሹ ውሸት ነው፤ ፍርሃቱ ግን እውነት ነበር። አንድ ቀን መግሪብ ሰግጄ ምስር እየለቀምኩ ተቀምጫለሁ። በዓይናዲስ ቆርቆሮ ላይ ድንጋይ ወረደ። ማን እንደወረወረ እስከ ዛሬ አልታወቀም። ሰካራም ነው ያለ አለ፣ ታስቦበት ነው ያለም አለ። እሷ ብቻዋን ነበረች። በእኔና በእሷ መካከል ያለችውን የጭቃ ግድግዳ ታውቃታለህ፤ እሷ ሽንኩርት ስትከትፍ እኔ የማለቅስባት ግድግዳ ናት። ግድግዳዋን ደበደበች አሉ። ስሜን ጠራች አሉ። «ዑሙ! ዑሙ!» ብላ እስኪደክማት ጮኸች አሉ።

እኔ ምስሬን እለቅም ነበር። አልሰማኋትም።

ጠዋት እንደ ወትሮዬ ሆጃ፣ ያችን የቡና ቅጠል በወተት፣ ይዤላት ብገባ ፊቷን አዞረችብኝ። ከዚያ መልሳ አየችኝና እንባዋ መጣ። «ረስቼው ነው» አለችኝ፤ ከንፈሯን አነበብኩ። «ሲጨንቀኝ እንደማትሰሚ ረሳሁት።»

መስዑድ የዚያን ምሽት ባትሪ ይዞ ወጥቶ ዙሪያውን አይቷል። «አይዞሽ፣ የትም አትሄጂም» ግን አላላትም። እሱ ብቻ አይደለም፤ ማናችንም አላልናትም። ሁሉም ሌላው ይለዋል ብሎ ጠበቀ።

እሑድ ልጇ ብሩ ከአዲስ አበባ አይሱዙ ይዞ መጣ። አልጋዋን፣ ሣጥኗን፣ የባሏን ፎቶ ጫነ። እሷ በሩ ላይ ቆማ «ወዴት ነው የምትወስደኝ?» አለችው።

«ወደ ወገኖችሽ።»

«ወገኖቼ እነማን ናቸው?» አለችና ወደ እኔ ዞረች። እኔ ደግሞ በዚያች ሰዓት ምን እንደምል ጠፋብኝ። ልጁ ነው፣ እናቱ ናት። መኪናው ቁልቁለቱን ሲወርድ ከጋቢናው በኩል እጇን ታወዛውዝ ነበር፤ እስከ መታጠፊያው ድረስ። መህዲ፣ ጎረቤት ሲሄድብህ ቤትህ እንዴት እንደሚጠብ ልነግርህ አልችልም። ጨው ሲያልቅብኝ እስካሁን በእሷ በር በኩል እወጣለሁ። ከዚያ ተዘግቶ አየውና ወደ ሱቅ እሄዳለሁ።

ስለ ሳብሪና። ተዪ ብዬ አልጽፍላትም። ምን ብዬ? አንተ ርቦህ ስታለቅስ ያቺ ሴት ብሩን ከአንድ ጡቷ ነቅላ አንተን አስጠጋችህ። ዘሯን ጠይቀህ አልጠባህም። እሷም ጠይቃ አላጠባችህም። ያ ነጭ ልጅ ሰው ያከብር እንደሆነ፣ ሲቆጣ እጁን ያነሳ እንደሆነ፣ እናቱን እንዴት እንደሚያናግር እይ። እኔ ብሆን የማየው ይኼን ነው። ኩብራን ግን አትቆጣት። የፈራችው ቋንቋዋ እሷ ላይ እንዳያልቅ ነው፤ እሱም ፍርሃት ነው።

አዳዳህ


መልበርን፣ ነሐሴ 3 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለእናቴም ለአባቴም ምትክ ለሆኑት አዳዳ። ሰላምና ጤና በቤትዎ ይደር።

ደብዳቤዎን ለኩብራ ጮክ ብዬ አነበብኩላት። ግድግዳው ጋ ስደርስ ሳብሪና ተቀብላኝ ጨረሰችው። በሳምንቱ ኩብራ ራሷ «እናትየውን ጥሩልኝ፤ ቢያንስ ልያት» አለች።

የሚርዛ እናት መጣች። ሀቲጃ ትባላለች፤ የእኛዋ ኸዲጃ መሆኗ ነው። እንደ ሳምቡሳችን ያለ ሥጋ የተጠቀለለበት ሊጥ ጋግራ፣ በፎጣ ሸፍና፣ በሁለት አውቶቡስ ተሳፍራ ነው የመጣችው። ኩብራ እንግሊዝኛዋ ትንሽ ነው፤ የሀቲጃም እንደዚያው። ሁለቱ በተሰባበረ ቃል ሲግባቡ፣ እኔና ሚርዛ በደህናው እንግሊዝኛችን ተፋጠን ቀረን።

ሀቲጃ ስለ ከተማዋ ነገረችን። በወንዝ ዳር ያለች ትንሽ ከተማ ናት። በአንድ ደረጃ ወጥተው የሚገቡ የሦስት ሃይማኖት ሰዎች ነበሩ። ጦርነቱ ሲመጣ መጀመሪያ ሰው ክፉ አልሆነም አለች። መጀመሪያ ሰው ዝም ነው ያለው። ከዚያ «ለደህንነታችን» እያለ ቤት መለዋወጥ ጀመረ፤ እነዚህ ወደዚህኛው ሰፈር፣ እነዚያ ወደዚያኛው። ሚሊሳ የምትባል የሌላ ሃይማኖት ጎረቤት ነበረቻት፤ ልጆቻቸውን እየተቀባበሉ ያሳደጉ። እሷም በአንድ መኪና ተጭና ሄደች። ሀቲጃ ባሏን በጦርነቱ አጥታለች፤ ቤቷ ተቃጥሏል። ስለ እነሱ ስትናገር ዓይኗ ደረቅ ነበር። «ሚሊሳን ሄጄ ላያት እችል ነበር፤ መንገዱ ገና ክፍት ነበር። ነገ እሄዳለሁ፣ ከነገ ወዲያ እሄዳለሁ ስል ተዘጋ» ስትል ግን ኩብራ ተነሥታ አጠገቧ ተቀመጠች። እጇን ያዘቻትና በኦሮምኛ አጽናናቻት። ሀቲጃ ቃሉን አላወቀችውም፤ ራሷን ነቀነቀች።

ከዚያ ወዲህ ኩብራ ስለ ልጅ ልጆቿ ቋንቋ አላነሣችም። እኔም ቃሌን ሰጥቻለሁ። ሆዴ ሙሉ በሙሉ ተቀበለ ብል እዋሻለሁ፤ ግን ልጄ ፊቴን ቀና ብላ ታየኝ ጀምራለች።

ብሩ ጋ ደወልኩ። በአንድ ጡት ያደግን ወንድሜ ነው ብዬ። «አንተ እዚያ ሆነህ ነው እንዲህ የምታወራው» አለኝ። «ድንጋዩ የወደቀው በእናቴ ቆርቆሮ ላይ ነው።» እውነቱን ነው።

አዳዳ፣ ባል ይፈልጉልኝ ያልኩትን ይተዉት። አሁን የምለምንዎት ሌላ ነው። ሳብሪና በመስከረም ትመጣለች። ይዘዋት አዲስ አበባ ይውጡና ዓይናዲስን ይፈልጓት። መንገዱ ክፍት ነውና ነገ አይበሉ።

ልጅዎ መህዲ


ጭሮ፣ ኅዳር 5 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለመህዲና ለኩብራ። ልጃችሁን ያሳደጋችሁበትን እጅ አላህ ይባርከው።

ሳብሪና መጥታ ሄዳለች፤ እኔ ግን ገና ከእሷ ጋር ነኝ። ሰፈራችንን ወደደችው። «እዚያ ሰው ሲያየኝ ከየት እንደሆንኩ ይጠይቀኛል፤ እዚህ የማን ልጅ እንደሆንኩ ነው የሚጠይቀኝ» ብላ ጻፈችልኝ። ፊደሏ እንደ መጀመሪያ ክፍል ልጅ ነው፤ ነጥብ አትረሳም። አዲሱ ሳይት ወስጃት ነበር። ቤቱ ያምራል አለች። ከመንገዱ በላይና በታች ያሉት ልጆች በአንድ ኳስ ሲጫወቱ አየችና «እነዚህስ የየትኛው ማኅበር ናቸው?» ብላ አሳቀችኝ።

ከዚያ በሚኒባስ ተነሣን። ሚኤሶን፣ አዋሽን፣ አዳማን አልፈን ገባን። የብሩ ቤት ከከተማው ዳር፣ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ነው። ደረጃው ለጉልበቴ ጂሃድ ነበር። ዓይናዲስ በሩን ከፈተች። አላቀፈችኝም። ፊቴን በሁለት እጇ ይዛ አየችኝ፤ ከዚያ ነጠላዬን አስተካከለችልኝ፤ ከዚያ ቁጭ ብላ አለቀሰች። ሳብሪናን «የመህዲ ልጅ ናት» ስላት ጉልበቷ ላይ አስቀመጠቻት፤ ያቺን ሎጋ ልጅ።

ከስታለች። «እዚህ ከሁሉም አገር ሰው አለ» አለችኝ፣ ቀስ እያለች፣ ከንፈሯን እንዳነብ። «ከወለጋ፣ ከወሎ፣ ከትግራይ። ከእኛ ሰፈር ይበልጣል። ግን ሁሉም ይገባና ይዘጋል።» አንድ ቀን ከራሷ ጋር በኦሮምኛ ስታወራ የሰማች ጎረቤት ብሩን «እናትህ ኦሮሞ ናቸው እንዴ?» አለችው። ብሩ «አይደሉም» አለ። ዓይናዲስ «እኔ የአሰበ ተፈሪ ነኝ» አለች፣ ጭሮን በድሮ ስሟ ጠርታ። ሴትዮዋ «እሱ ዘር ነው?» ብላ ሳቀች። ከዚያ ወዲህ ዓይናዲስ ኮሪደሩ ላይ በየትኛውም ቋንቋ ማውራት አቆመች።

ብሩ ከሥራ ሲመጣ ምን እንደፈለግን ገባው። ጨዋ ልጅ ነው፤ አብልቶ፣ አጠጥቶ፣ ከዚያ ነው የተናገረው። ሳብሪና እየጻፈች ታሳየኛለች።

«እትዬ፣ አንድ ነገር ቢደርስባት መልስ የሚሰጠኝ ማነው?»

«ማንም» አልኩት። «እኔ ዋስ አልሆንህም። ጆሮ የለኝም፣ አርጅቻለሁ። ያን ቀን ስትጠራኝ አልሰማኋትም።»

«ታዲያ ለምን ትወስጃታለሽ?»

«አብሬያት ልፈራ።»

ሳብሪና እስክሪብቶዋን አቆመች። ብሩ ወደ እናቱ ዞረ። ዓይናዲስ እጁን ያዘችና «ብሩዬ» አለችው፣ «ያመጣኸኝ አንተ እንቅልፍ እንድታገኝ ነው። አገኘህ፤ እሰየው። አሁን ደግሞ እኔ ልተኛ።»

ተነሥቶ በረንዳው ላይ ወጣ። ሲመለስ ዓይኑ ቀልቷል። «አስብበታለሁ» ብቻ አለ። ጠዋት ያለ እሷ ተመለስን። ዓይናዲስ ታች ድረስ ሸኘችን። ደረጃውን ስትወርድ በየፎቁ ታርፍ ነበር፤ ስትመለስ ግን ሳታርፍ ወጣች፤ ስንሄድ ከመስኮቱ ማየት እንዳያመልጣት መሰለኝ።

አዳዳህ ዑሙልኸይር


መልበርን፣ ጥር 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ አዳዳ። በረከትዎ አይለየን።

የሳብሪናና የሚርዛ ኒካሕ ተፈጸመ፤ አልሐምዱሊላህ። የእኛ ሴቶች እልል ሲሉ የሀቲጃ ዘመዶች መጀመሪያ ደነገጡ፣ ከዚያ ሊሞክሩት ብለው ጉሮሯቸው እስኪሻክር ጮኹ። ከአዲሱ ሰፈራችን የቀሩ አሉ። ከአሮጌው ሰፈር ግን ያልጠራነው ቬትናማዊ ጫማ ሰፊ እንኳን ሰምቶ መጥቷል። ኩብራ አሁን «ለምን ወደዚያ አንመለስም?» ትለኛለች። ቤት መፈለግ ጀምረናል።

ሳብሪና «አባቴ፣ አንተ ለምን ወደ ጭሮ አትሄድም?» ብላ ጠየቀችኝ። ከሥራ ፈቃድ አላገኘሁም አልኳት። ለእርስዎ ግን ልንገርዎት፤ እፈራለሁ። ሁልጊዜ በሐሳቤ የምገባው በዓይናዲስ በር ነው። ያ በር ተዘግቶ ካገኘሁት፣ ከዚያ በኋላ ሲናፍቀኝ የት እሄዳለሁ?

ብሩ ስልክ አያነሣም።

መህዲ


ጭሮ፣ መጋቢት 22 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለመህዲ። ሰላምህ ይብዛ፣ ሙሽሮቹን አላህ በአንድ ትራስ ያስረጅልኝ።

መጣች።

ብሩ ሳይነግረን አይሱዙውን ይዞ ሐሙስ ከሰዓት ገባ። እኔ ልብስ አሰጣ ነበር። ሞተሩን የት ሰምቼ! መሬቱ ሲንቀጠቀጥ ዞር አልኩ፤ ጋቢና ውስጥ ነጠላዋን ተከናንባ ተቀምጣለች። እርጥቡን ልብስ እንደያዝኩ ሮጥኩ። በዚህ ጉልበቴ ሮጥኩ ስልህ እመነኝ።

ሰፈሩ እንደ ድሮው ግልብጥ ብሎ ወጣ ብዬ አልዋሽህም። የወጡ ወጡ፤ ከመጋረጃ ጀርባ ያዩም ነበሩ። ደጀን ዝውውሩ ደርሶት ሄዷል፤ ቤቱ ባዶ ነው። እድሩም እንደተለያየ ነው። ዓይናዲስ የእነሱ ውስጥ ትመዘገባለች፤ እኔ ከእኛ አለሁ። ከሁለታችን አንዳችን ስንሞት ሌላኛዋ በር ድረስ ትሸኛለች። ይህንን ስነግራት «እስከዚያ ግን አብረን እንግባ» አለችኝና አልፋኝ ገባች።

ብሩ አልጋውን ብቻውን ሊያወርድ ሲታገል መስዑድ ከበሩ ላይ ቆሞ ያይ ነበር። ከዚያ መጣ። የአልጋውን አንድ ጫፍ ያዘ። ሁለቱ ተሸክመው አስገቡ። ብሩ ሊያመሰግነው እጁን ዘረጋ፤ መስዑድ ጨበጠውና ቶሎ ብሎ ወደ ቤቱ ገባ።

ብሩ አድሮ ሲሄድ ሰፈሩን ዞር ዞር ብሎ አየው። «መህዲን ና በሉት» አለኝ። «እኔ የፈራሁትን እሱም መጥቶ ይፍራው።» እኔም እልሃለሁ፤ ና። የተዘጉት ሌሎች በሮች ብዙ ናቸው፤ አልደብቅህም፤ አንዱ ግን ተከፍቷል።

ዛሬ ጠዋት ዓይናዲስ ደጇን ስትጠርግ እኔ መስኮት ላይ ነበርኩ። መስዑድ የጫት ከረጢቱን ተሸክሞ ወጣ። ሊያልፍ ነበር፤ ሁለት እርምጃ ሄዶ ቆመ። ዞረ። ድምፁን አልሰማሁም፤ ከንፈሩን ግን አየሁት።

«አካም ቡልተን፣ እማማ?» አላት። እንዴት አደሩ ማለቱ ነው።

እሷም መጥረጊያዋን ተደግፋ ቀና አለች። «ነጋ» አለችው፤ ሰላም ማለቷ ነው። «ነጋ፣ ልጄ።»

አዳዳህ ዑሙልኸይር